ጥሩ ዋለች

ድንቡሼ የትምህርት ቤቱን የመስታወት በር የሰበረችው ማክሰኞ ዕለት፣ ረፋድ ላይ ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ስልኩ ሲጮህ የአንዲት ደንበኛ ቀሚስ እያሳጠረች ነበርና ደንግጣ መርፌው ጣቷን ወጋት። ደሙ ቀሚሱን እንዳይነካ ጣቷን አፏ ውስጥ ከታ ነው ስልኩን ያነሳችው። ልብስ ሰፊ እንግዲህ እንዲህ ነው፤ ሰማይ ቢደፋበት እንኳ መጀመሪያ የሚያስበው ለሰው ጨርቅ ነው።

ድንቡሼ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ሌላ ስም አላት፤ ግን ያንን ጉንጭ አይቶ በስሟ የሚጠራት ሰው እስካሁን አልተገኘም። ዕድገቷ ከእኩዮቿ ዘግይቷል፤ ቃል አላት፣ ነገር ግን በቀን ከሃያ አታወጣም። በዚያ ላይ ፍርሃት አለባት። ፍርሃት ስል እኔና እናንተ የምንፈራውን ዓይነት ማለቴ አይደለም። ደወል ሲጮህ፣ ወንበር ሲጎተት፣ ሰው ከኋላዋ ሲሮጥ ትንፋሿ ይያዛል፤ እጇን ትነክሳለች፣ ራሷን ከግድግዳ ጋር ታጋጫለች። የአእምሮ ሐኪሙ መድኃኒት አዞላታል፤ ያግዛታል እንጂ አያድናትም።

ያን ማክሰኞ መምህሯ ታመው ቀሩ። ምትክ የተላከው ወጣት ልጅቷን አያውቃትም። የእሳት አደጋ ልምምድ ተብሎ ደወሉ ሳይታሰብ ተለቀቀ፤ ድንቡሼ ሮጠች፤ የተዘጋውን በር በሁለት እጇ ገፋችው። እሷን ምንም አልነካትም። ከኋላዋ የነበረች የክፍል ጓደኛዋ ግን መዳፏ ተቆርጦ አራት ቦታ ተሰፋ።

በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ፤ ጉዳዩ በኮሚቴ ይታያል፣ ወላጅ ከልጅ ጋር ይቅረብ ይላል። የሚወሰነው ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ረዳት ይመደብላታል፤ አጠገቧ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ የምትከታተላት ሰው ማለት ነው። ወይ ከትምህርት ቤቱ ትሰናበታለች። ሦስተኛ መንገድ የለም፤ በአካባቢው እሷን የሚቀበል ሌላ ትምህርት ቤትም የለም።

ልብስ ሰፊዋ ቤት መዋል ልጇን ምን እንደሚያደርጋት ቀምሳ ታውቀዋለች። የዚህ ትምህርት ቤት ሥርዓት እንዲህ ነው፦ ክትትል ለሚያስፈልገው ልጅ ሁሉ የዕለት ደብተር ይከፈታል። መምህሩ የልጁን ውሎ በየቀኑ ይጽፋል፣ ወላጅ ከሥሩ ይፈርማል። ደህናው ቀን በሰማያዊ ብዕር፣ ክፉው ቀን በቀይ። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ቀይ የተጻፈበት ልጅ እስኪረጋጋ ተብሎ አንድ ወር ቤቱ ይቆያል። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው ልጅ አሳድጎ ያውቅ እንደሆነ እንጃ።

ድንቡሼ በመጀመሪያው ዓመት ሦስቱን ቀይ ለመሙላት አሥራ አንድ ቀን ነው የፈጀባት። ወሩን ሙሉ እናትየው ሱቋን ለእህቷ ትታ ቤት ዋለች። ልጅቷ በመጀመሪያው ሳምንት በየማለዳው ቦርሳዋን አንግታ በር ላይ ትቆም ነበር። በሁለተኛው ሳምንት መቆሙን ተወች። በሦስተኛው ውሃ ማለትን እንኳ ተወችና ቃላቷ አንድ በአንድ ጠፉ። ስትመለስ ያንን ሁሉ እንደገና ለማምጣት ግማሽ ዓመት ወሰደ።

ልብስ ሰፊዋ ያኔ ነው መምህርቷን በር ላይ ጠብቃ የለመነቻቸው። ልጆቹ ሁሉ ቲቸር ነው የሚሏቸው፤ እሷም ከልጆቹ ተምራ ቲቸር ትላቸዋለች።

“ቲቸር፣ እባክዎ፣ ያንን ቀይ ብዕር ያንሱልኝ” አለች። “ሌላ አንድ ወር ቤት ከዋለች ልጄን መልሼ አላገኛትም።”

“የዕለት ደብተር እኮ ሰነድ ነው፣ ልጄ” አሉ ቲቸር። ወደ ክፍላቸውም ገቡ።

በማግስቱ ደብተሩ በሰማያዊ ተጽፎ መጣ፦ ዛሬ ጥሩ ዋለች። እውነቱን ደግሞ ቲቸር በር ላይ በጆሮዋ ነገሯት። ዛሬ ጠረጴዛ ሥር ገብታ ሁለት ክፍለ ጊዜ አልወጣችም። ዛሬ ግራ እጇን ነክሳለች፣ ማታ ቅባት አድርጊላት። እንዲህ እየሆነ ሦስት ዓመት ሄደ፤ ክፉው በአፍ ይነገራል፣ ደብተሩ ላይ ጥሩ ዋለች ይጻፋል። የእናትየው ፊርማ በየቀኑ ከሥሩ አለ። ይህቺን ልብ በሉልኝ፤ ፊርማዋ አለበት።

የልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህት እዚያው ሱቅ ውስጥ ቁልፍ ትተክላለች፣ ዚፕ ትቀይራለች። እትዬ ነው የምትላት። ምላሷ ከመቀሷ ይቀድማል። ከስብሰባው በፊት በነበረው ቀን ዓይኗን ከሥራዋ ሳታነሳ፣

“ነገ ይህን ፊት ይዘሽ እንዳትሄጂ” አለቻት። “ለለቅሶ የመጣሽ ይመስላቸዋል።”

“ሌላ ፊት ከየት ላምጣ፣ እትዬ?”

“ያንን ደብተር ካወጡትስ?”

“የሐኪሙን ወረቀት ይዣለሁ። ረዳት ያስፈልጋታል ብሎ በማኅተም ጽፏል። ደብተሩን ማን ዞር ብሎ ያየዋል?”

“አይ አንቺ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማሽም?”

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቆመች። “ብናገር አሳልፌ የምሰጠው ቲቸርን ነው። ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ነው የቀራቸው። ሰው ሁሉ ፊቱን ሲያዞርብን እሳቸው ብቻ ናቸው ልጄን ልጄ ያሉልኝ።”

እትዬ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

ስብሰባው በዳይሬክተሩ ቢሮ ነበር። ረጅም ጠረጴዛ፣ ስድስት የማይመሳሰሉ ወንበሮች፣ ጥግ ላይ የተበላሸ ማተሚያ። ዳይሬክተሩ አለ፤ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የተላከ አንድ ባለመነጽር አለ፤ ቲቸር ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጠዋል። ድንቡሼ መስኮቱ አጠገብ ሆና ከሱቅ ያመጣችውን ቁርጥራጭ ጨርቅ በየቀለሙ ትለያለች። እናቷ አዲስ ቀሚስ ሰፍታላታለች፣ ፀጉሯን አሳምራ ሠርታላታለች። ቲቸር ክፍሉ ውስጥ ስላሉ ልጅቷ ረጋ ብላለች። ላያት ሰው ምንም የጎደላት አትመስልም፤ እናትየው ይህ መጥፎ መሆኑ የገባት ዘግይቶ ነው።

ባለመነጽሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይቀል ነበር፤ ክፉን ሰው ተቆጥተው ይገላገሉታል። እሱ ግን ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ሰላም አላት፣ ውሃ ቀዳላት፣ የሐኪሙን ወረቀትም ከላይ እስከ ታች አነበበው።

“ሐኪሙ የማያቋርጥ ክትትል ያስፈልጋታል ይላል” አለ። “እኔን የቸገረኝ ይሄኛው ነው።” ከቦርሳው ሦስት ደብተር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። “ሰኞ፣ ዛሬ ጥሩ ዋለች። ማክሰኞ፣ ዛሬ ጥሩ ዋለች። ረቡዕ፣ ዛሬ ጥሩ ዋለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ይኸው ነው፣ እመቤት። የእርስዎም ፊርማ አለበት።”

ልብስ ሰፊዋ ከሥሩ ያለውን የገዛ ፊርማዋን አየች።

“ሐኪሙ በዓመት አራት ጊዜ ነው የሚያያት። መምህሯ በየቀኑ ያዩዋታል” ሲል ቀጠለ። “የቱን ልመን? ሦስት ዓመት ያለ ምንም ችግር የዋለች ልጅ ረዳት አያስፈልጋትም። እንዲህ ከሆነ ደግሞ በሩን የገፋችው ራሷን መቆጣጠር እየቻለች ነው ማለት ነው። ያ የሥነ ሥርዓት ጥፋት ነው። መዳፏ የተቆረጠው ልጅም እናት አላት፤ እሷም መልስ ትጠብቃለች።”

እውነቱን ነው። ቀና ብላ ልትከራከረው ብትፈልግም ከተናገረው ውስጥ አንድ የተሳሳተ ነገር አጣች። ሰውየው የተሰጠውን አንብቦ በልኩ ቆረጠ። በልኬቱ የዋሹት እነሱ ናቸው።

ወደ ቲቸር አየች። ቲቸር ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠረጴዛውን ያያሉ። ዝም ካልኩ ልጄ ቤት ትቀመጣለች፣ ቃላቷም ይሄዳሉ፤ ከተናገርኩ እኚህን ሴት በሰው ፊት ሐሰተኛ አደርጋቸዋለሁ ብላ አሰበች። ወርቅ ላበደረ ጠጠር የሚባለው ይኸው ነው። ቲቸር አንዴ ቀና ብለው ቢያዩዋት ኖሮ ምናልባት ዝም ትል ነበር። ቀና አላሉም።

“የምናገረው ነገር አለ” አለች። “ልጄ ግን ትውጣልኝ።”

“መመሪያው ልጅቷ ባለችበት ይላል” አለ ዳይሬክተሩ። “ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

ልብስ ሰፊዋ ጀርባዋን ለመስኮቱ አዙራ ተቀመጠች፤ ማድረግ የምትችለው ይህን ብቻ ነበር።

“ደብተሩ ውሸት ነው” አለች። “ያጻፍኩት እኔ ነኝ። አልቅሼ፣ እግር ላይ ወድቄ ነው ያጻፍኩት። ቀይ ከተጻፈ ቤት ትውላለች፤ ቤት ስትውል ትጠፋብኛለች። ቲቸር አልፈለጉም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።”

ዳይሬክተሩ ቀስ ብሎ ዞረ። “ቲቸር፣ የሚሉት እውነት ነው?”

ቲቸር አይደለም ማለት ይችሉ ነበር። የሚያጋልጣቸው ወረቀት የለም፤ ሦስቱም ደብተሮች ለእሳቸው ነው የሚመሰክሩት። አንዲት የተጨነቀች እናት ያወራችው ነው ቢሉ ማንም ያምናቸዋል።

“እውነት ነው” አሉ። “አንዱን ብቻ ላርም። ማንም አላስገደደኝም። ብዕሩን የያዝኩት እኔ ነኝ።”

ባለመነጽሩ ደብተሮቹን ዘጋቸው። “ታዲያ እውነተኛው ውሎዋ የት ነው የተጻፈው?”

“የትም አልተጻፈም” አሉ ቲቸር። “እሷና እኔ ነን የምናውቀው።”

“እንግዲያው ንገሩኝ” አለና ባዶ ወረቀት ሳበ።

ነገሩት። መጀመሪያ እናትየው፣ ቀጥሎ ቲቸር፣ ከዚያ እየተቀባበሉ። ልብስ ሰፊዋ ለገዛ እህቷ እንኳ አፍ ሞልታ ያልተናገረችውን ገመናዋን አንድ በአንድ አወጣችው። ፀጉሯን እየነጨች አናቷ ላይ ባዶ ቦታ ወጥቶ እንደነበር፣ እሷም በሻሽ አስራ እንደላከቻት። ደወል ሲደወል ልብሷ ላይ እንደምትሸና፣ ቲቸር ትርፍ ሱሪ መሳቢያቸው ውስጥ እንደሚያኖሩላት። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አሳየች፤ የጥርስ ምልክት ነበረበት። “እኔንም ትነክሰኛለች” አለች። “አውቃ አይደለም። እኔ መሆኔ ያን ሰዓት አይታያትም።” ቲቸርም ያለፈው ዓመት ልጅቷ ከደረጃው ራስ ላይ ልትወረወር ስትል በቀሚሷ ይዘው እንዳስቀሯት ተናገሩ። ይህን በር ላይም ነግረዋት አያውቁም ነበር። እናትየው አሁን ከማንም ጋር እኩል ሰማችው።

የጨርቁ ኮሽታ ከኋላዋ ቆሟል። ዞር ስትል ድንቡሼ ሥራዋን ትታ ታያታለች። ሁሉንም ሰምታለች። ልብስ ሰፊዋ ፊቷን የምትደብቅበት ቦታ አጣች፤ የገዛ ልጇን ነውር በአደባባይ አስጥታለችና አፈረች፤ እንዲህ ያለ ኀፍረት ከዚያ በፊት አታውቅም።

“ደወል” አለች ድንቡሼ።

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ።

“ደወል። ፈራሁ። በር።” እጆቿን ወደ ፊት ገፋ አደረገች። ቆየት ብላም “ጓደኛ ደም” አለች፤ ከዚያ የራሷን መዳፍ ገልብጣ አየችው።

ባለመነጽሩ የልጅቷን ቃል እንደ ወረደ ጻፈው። ከዚያም፣ ውጭ ጠብቁ ተባሉ።

ኮሪደሩ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ ነው ያለው፤ ሁለቱ ሴቶች ልጅቷን መሃል አድርገው ተቀመጡ። ድንቡሼ ጭንቅላቷን ቲቸር ላይ ጣል አደረገች። ከክፍሎቹ የማባዣ ሠንጠረዥ የሚሸመድዱ ልጆች ድምፅ ይሰማል።

“ይቅር ይበሉኝ” አለች ልብስ ሰፊዋ። “ሸጥኩዎት።”

“ተይ፣ እንዲያ አትበዪ።” ቲቸር የልጅቷን ፀጉር ይደባብሳሉ። “እኔ ነኝ ይቅርታ የምጠይቅሽ። ያኔ በቀይ ብጽፈው ኖሮ፣ ሰባት ቀይ፣ ሃያ ቀይ ቢሆን፣ ደብተሩን ይዤ አብሬሽ ጽሕፈት ቤቱ ድረስ ሄጄ ብጮህ ኖሮ፣ ረዳት ያኔ ይመደብላት ነበር። ሦስት ዓመት። ደግ የሠራሁ መስሎኝ የልጅቷን ሦስት ዓመት በላሁባት።”

ልብስ ሰፊዋ ይህን እስከዚያች ደቂቃ አላሰበችውም ነበር። ውሸቱ ለልጇ ጋሻ መስሏት ኖሯል። ለካ ችግሯን ሁሉ ደብቀው፣ ምንም አይጎድላትም ብለው በየቀኑ የፈረሙባት ሁለቱ ከሁሉ በላይ የሚወዷት ሰዎች ናቸው። ልታለቅስ ፈለገች፤ ልጅቷ እንዳትደነግጥ ብላ ዋጠችው።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ተጠሩ። ዳይሬክተሩ ቆሞ ነው የነገራቸው። ለድንቡሼ ከሰኞ ጀምሮ ረዳት ይመደባል፤ በየመንፈቁ እየታየ ይቀጥላል። በሩን የሰበረችው በፍርሃት ስለሆነ በጥፋት አይያዝባትም። ባለመነጽሩ የቀዩ ብዕር ሕግ እንዲመረመር ለበላይ እጽፋለሁ ብሏል። ልብስ ሰፊዋ ጠረጴዛውን ያዘች።

“መምህርቷ በሰነድ ላይ ሐሰት ጽፈዋል” ሲል ቀጠለ ዳይሬክተሩ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። “ጉዳያቸው እስኪጣራ ከክፍል ይነሣሉ። ከዛሬ ጀምሮ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይሠራሉ። ከተማሪዋም ከወላጇም ጋር እንዳይገናኙ ታዟል።”

“በእኔ ይሁን” አለች ልብስ ሰፊዋ። “የምቀጣው እኔ ልሁን።”

“እርስዎ የእኛ ሠራተኛ አይደሉም” አላት።

ቲቸር የሚፈርሙት ወረቀት ነበረና እዚያው ቀሩ። ድንቡሼን ጎንበስ ብለው ጉንጯን ሳሟት፤ እንደ ሌላው ቀን ሁሉ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ልጅቷም እንደ ሌላው ቀን ሁሉ እጇን አውለበለበችላቸው። የተለየ ነገር መኖሩን አላወቀችም።

ከግቢው ወጥተው በትልቁ መንገድ ዳር ሄዱ። ሰዓቱ ሰው ከሥራ የሚወጣበት ነው፤ የእግረኛው መንገድ ጢም ብሏል። የአውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ሲደርሱ ድንቡሼ እናቷን በእጇ ጎተት አደረገቻት።

“ቲቸር ሰኞ?”

አዎ የምትለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ልጇን ያስተኛችው፣ ያበላችው፣ መድኃኒት ያስዋጠችው እንዲህ ባለ አዎ ነው። አዎ ብትላት ቢያንስ ቤት እስኪደርሱ ሰላም ነው፤ ሰኞ የራሱ ጉዳይ።

ጎንበስ ብላ ፊት ለፊቷ ሆነች። “ሰኞ ቲቸር የሉም። ሌላ ሰው ትመጣለች። አጠገብሽ ትቀመጣለች። ቲቸር ግን የሉም።”

“ማክሰኞ?”

“ማክሰኞም የሉም።”

ልጅቷ የቀሩትን ቀኖች ሁሉ ጠየቀች፤ እናቷም ለእያንዳንዱ መለሰችላት። ዓርብ ላይ ሲደርሱ ድንቡሼ መሬት ላይ ወደቀች። እጇን ነከሰች። አዲሱን ቀሚሷን በደረቱ በኩል ይዛ ጎትታ ቀደደችው፤ ከጉሮሮዋ የሚወጣው ጩኸት የልጅ አይመስልም ነበር።

ሰዉ ቆመ። አንዱ ውሃ አምጡ አለ፤ ሌላው አየር ስጧት። የገበያ ዘምቢል የያዘች አንዲት ሴት ከላይ አጎንብሳ “ምን ሆና ነው፣ እህቴ?” ብላ ጠየቀች፤ ከልቧ ነው የጠየቀችው። ልብስ ሰፊዋ ለዚህ ጥያቄ የምትመልሰው ሁልጊዜ ዝግጁ ነው፤ ጥርሷን አሟት ነው ትላለች፣ እንቅልፍ ስላጣች ነው ትላለች፣ ልጅቷንም ብድግ አድርጋ ሰው ወደሌለበት ትሮጣለች።

አላነሳቻትም። የልጇን ጭንቅላት ከአስፋልቱ እንዳይጋጭ መዳፏን ከሥሩ አስገባች።

“የአእምሮ ዕድገቷ ዘግይቷል፤ የፍርሃት ሕመምም አለባት” አለች፣ ቆሞ ለሚያየው ሁሉ እንዲሰማ። “አሁን የምታለቅሰው ግን ታማ አይደለም። የምትወዳቸውን ሰው አጥታ ነው። ያሳጣኋትም እኔ ነኝ።”

ሴትየዋ ዘምቢሏን መሬት አስቀምጣ፣ ሰዉን በእጇ ራቅ በሉ እያለች ቦታ አስፋችላቸው። ልብስ ሰፊዋ ከልጇ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች። አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ፤ ሌላም መጣ። ድንቡሼ እስኪወጣላት አለቀሰች፣ እናቷም ዝም በይ አላለቻትም።